ታብሌትህን ከመክፈትህ በፊት

ልጄ፣ አክስትህ ከአሜሪካ የላከችልህን ታብሌት «ልክፈተው ወይስ ይቅርብኝ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ጓደኞችህ «ሩት አድርገውና ተገላገል» ይሉሃል። አባትህ ደግሞ «የሰው አገር ዕቃ አትነካካ» ይልሃል። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ፣ ግን ጎዶሎ ነው። ዕድሜዬን ዕቃ ስፈታና ስገጥም ስለኖርኩ መክፈት የጠቀመውንም ያከሰረውንም አይቻለሁ። ስለዚህ ምክሬን አስቀድሜ ልንገርህና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳህ። ገንዘብህን የምታንቀሳቅስበትን፣ የምትማርበትንና የቤተሰብህን ፎቶ ያስቀመጥክበትን ታብሌት አትክፈት። ያረጀ፣ አምራቹ የረሳው፣ ቢሞትም የማያስለቅስህ ታብሌት ካለህና ለምን እንደምትከፍተው በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልክ ግን ክፈተው፤ ትማርበታለህ።

በመጀመሪያ የትኛውን ቁልፍ እንደምትጠይቀኝ እንለይ። ጥገና ቤት ገብተህ «አንሎክ አድርግልኝ» ስትል ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው የኔትወርክ ቁልፍ ነው። ሲም የሚቀበል ታብሌት ከውጭ የስልክ ኩባንያ ጋር ታስሮ ሲመጣ የኛን ሲም አልቀበልም ይላል። የዕቃው ዕዳ ተከፍሎ ካለቀ አክስትህ ወደ ኩባንያው ደውላ ታስፈታዋለች፤ እዚህ ማንም እንዲነካካው አያስፈልግም።

ሁለተኛው የባለቤትነት ቁልፍ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የጠፋ ዕቃ ያለ ባለቤቱ አካውንት እንዳይነሳ የሚያደርግ ቁልፍ አስገባ፤ ጉግልም ተከተለ። የአይፓዱ ቁልፍ የተመዘገበው በአፕል ኮምፒውተሮች ላይ ስለሆነ ዕቃውን እንደ አዲስ በማስነሳት አይጠፋም። «አሪፍ አይፓድ በርካሽ አለ፣ አይክላውዱ ብቻ ነው የተቆለፈው» የሚልህ ሰው ከገጠመህ አልፈኸው ሂድ። ያ ዕቃ ከሌላ ሰው ቦርሳ የወጣ ሊሆን ይችላል። አክስትህ የላከችው ከሆነና የራሷ አካውንት ከቀረበት ደግሞ ከዚያው ከቤቷ ሆና ልታነሳልህ ትችላለች።

ሦስተኛውና አንተ የጠየቅከኝ የሶፍትዌር ገደብ ነው። ታብሌቱን ስትገዛ ዕቃው ያንተ ይሆናል፤ በውስጡ ያለው የመጨረሻ ሥልጣን ግን አምራቹ ጋ ይቀራል። አይፓድ በ2010 ገበያ ሲወጣ አፕሊኬሽን የሚጫነው ከአፕል መደብር ብቻ ነበር፤ የሲስተሙን ፋይል መንካት አይታሰብም። ይህን ገደብ መስበር ጄልብሬክ ይባላል። አንድሮይድ ከጥንቱም ለቀቅ ያለ ነው፤ ከመደብሩ ውጭ ያገኘኸውንም አፕሊኬሽን ልትጭንበት ትችላለህ። ዋናውን ሲስተም ግን እሱም ይቆልፋል። ያንን ከፍቶ ሙሉ ሥልጣን መውሰድ ነው ሩት ማድረግ የሚባለው።

መክፈት መፈለግህን ጥፋት ነው አልልህም። በዚህ ጉዳይ ላይ ዓለም ያወራላቸው የኛው አገር ልጆች አሉ። በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ትምህርት ቤት ላልነበራቸው የወንጪና የወለንጪቲ አካባቢ ሕፃናት የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶች ሰጠ። ወንጪ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ የእሳተ ገሞራ አፋፍ ነው፤ ወለንጪቲ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። አስተማሪ አልተመደበም። ታብሌቶቹ በታሸገ ሳጥን ቀረቡ፤ ባትሪያቸው የሚሞላው በፀሐይ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙ፤ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በአምስት ወር ውስጥ የተጣለባቸውን ገደብ ጥሰው ገቡ። ታብሌቶቹ ሲዘጋጁ ካሜራቸው ተዘግቶ ነበር፤ ልጆቹ ካሜራ እንዳለው ደርሰውበት አስነሱት። የፊት ገጹ እንዳይለወጥ የተጫነውንም ፕሮግራም አልፈው እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ገጽ በራሱ አምሮት አሰማመረ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች የልጆቹን ብልሃት አድንቀው ያበቃሉ። አንተ ግን ከዚያ አልፈህ እይ። በእነዚያ ታብሌቶች ውስጥ የማንም የባንክ ሂሳብ፣ የማንም የይለፍ ቃል፣ የማንም የመመረቂያ ጽሑፍ አልነበረም። በየሳምንቱም ባለሙያ እየመጣ አጠቃቀማቸው የተመዘገበበትን ካርድ ይቀይር ስለነበር ዕቃው ቢቆም የሚያይ ዓይን ነበር። የሚጠፋ ነገር የሌለው፣ ከኋላው ደጋፊ ያለው ሰው ደፍሮ ይክፈት። አንተም ከመጀመርህ በፊት እነዚህን ሁለት ነገሮች ራስህን ጠይቅ፦ ውስጡ ምን አለኝ? ቢቆም ማን ያነሳልኛል?

አሁን ስለ ጥቅሙ። ከኛ ሰው ብዙዎችን ወደ ሩት ከገፋፏቸው ምክንያቶች አንዱ ፊደል ነበር። በአንድሮይድ የመጀመሪያ ዓመታት ብዙው ስልክና ታብሌት የግእዝ ፊደል አያነብም። «እንኳን አደረሰህ» ተብሎ የተላከ መልእክት በተርታ የቆሙ ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ይመጣል። መፍትሔው ዕቃውን ሩት አድርጎ፣ የሲስተሙን የፎንት ማህደር ከፍቶ፣ የኛን ፊደል የያዘ ፎንት እዚያ ማስገባት ነበር። የሚገባው አንድ ፋይል ነው፤ ነገር ግን አንዷን ፋይል ለማስቀመጥ የዕቃው ጌታ መሆን ያስፈልግ ነበር። አይፓድም እስከ 2014 ድረስ ሌላ ሰው የሠራውን ኪቦርድ አይቀበልም ነበር። አማርኛ ለመጻፍ የኪቦርዱን አፕሊኬሽን ከፍተህ፣ እዚያ ጽፈህ፣ ኮፒ አድርገህ ወደ ኢሜይልህ ትወስዳለህ። ያን ጊዜ «ለምን ትከፍታለህ?» ቢሉኝ መልስ ነበረኝ። ዛሬ ግን ታብሌቱ ከሳጥኑ ሲወጣ አማርኛ ያነባል፣ ኪቦርዱም ከመደብሩ በነፃ ይወርዳል። ምክንያቱ ሞቷል፤ ልማዱ ግን ቀርቷል።

ሌላውም እንዲሁ ነው። ጄይ ፍሪማን የተባለው አሜሪካዊ ፕሮግራመር በ2008 ሲዲያ የተባለውን፣ ጄልብሬክ ለተደረጉ ዕቃዎች የሚሆን መደብር ከከፈተ በኋላ ሰዎች አፕል የነፈጋቸውን ከዚያ ያገኙ ነበር። ዋይፋይና ብሉቱዝን በአንድ ጣት መጎተት ማብራትና ማጥፋት ከዚያ የሚገኝ ነበር፤ አፕል በ2013 ራሱ አስገባው። በአይፓድ ላይ ሁለት አፕሊኬሽን ጎን ለጎን ማስኬድም በ2015 የራሱ ሆነ። ከፋቾቹ ቀድመው መንገዱን አሳዩ፣ አምራቹ በኋላ ጠረገው። ስለዚህ የምትፈልገውን ነገር ይዘህ በመጀመሪያ የታብሌቱን ሴቲንግ በደንብ ፈትሽ። እዚያው ተኝቶ ልታገኘው ትችላለህ።

እስከ ዛሬ ያልሞተው ጥቅም አሮጌ ዕቃ ማዳን ነው። አምራቹ ለታብሌትህ ማሻሻያ መላክ ካቆመ አፕሊኬሽኖቹ አንድ በአንድ «ይህ ሲስተም አርጅቷል» እያሉ ጥለውት ይሄዳሉ። ስክሪኑ ደህና ነው፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ዕቃው ግን ከመሳቢያ ይገባል። በ2011 የወጣው አይፓድ 2 አይኦኤስ 9 ከተባለው የአፕል ሲስተም አልዘለለም። በአንድሮይድ በኩል ግን ሊንኤጅ ኦኤስ የተባለ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ሲስተም አለ፤ ሞዴልህ ከሚደግፋቸው ውስጥ ከሆነ ለተጣለ ታብሌት ተጨማሪ ዓመታት ይሰጠዋል። መጽሐፍ ማንበቢያ፣ የልጆች መማሪያ፣ የሱቅ ሂሳብ መመዝገቢያ ይሆናል። ከዚህ ሌላ ሩት የሆነ ታብሌት ላይ አምራቹ የጫናቸውን የማትፈልጋቸውን ፕሮግራሞች ከሥር ትነቅላለህ፣ ዳታህን ተደብቀው የሚበሉትን ትዘጋለህ፣ ዕቃውን ከነሙሉ ይዘቱ ቅጂ ታስቀምጣለህ። ኮምፒውተር መማር ለሚፈልግ ልጅ ደግሞ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ጉዳቱን ደግሞ አንድ በአንድ ላሳይህ፤ በተለይ እጅ ላይ የሚደርሰውን። አንድሮይድ ታብሌት ሩት ለማድረግ በብዛት መጀመሪያ የሚከፈተው ቡትሎደር፣ ማለትም ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። እሱን ስትከፍት ታብሌቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠረጋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የሰረቀህ ሰው ከፍቶ ምስጢርህን እንዳያነብ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ቅጂ ሳታስቀምጥ ከገባህበት ፎቶው ሄደ ማለት ነው።

ቀጥሎ የፋይል ስህተት አለ። የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ 10.1ን፣ የ2019ኙን፣ ውሰድ። ሁለት ታብሌት ጎን ለጎን ብታስቀምጥ በመልክ አትለያቸውም። አንዱ ግን ኤስኤም-ቲ510 ነው፣ ዋይፋይ ብቻ ያለው፤ ሌላው ኤስኤም-ቲ515 ነው፣ ሲም የሚቀበለው። የአንዱን ፋይል በሌላው ላይ ለመጫን የሚሞክር ሰው ቢቀናው ታብሌቱ አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል፤ ካልቀናው ደግሞ የኩባንያው ምልክት ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ብልጭ ይላል፣ ከዚያ አያልፍም። የሞዴል ቁጥሩን ከሴቲንግ ውስጥ እያየህ ፊደል በፊደል አመሳክር። መብራትም አለ። ሶፍትዌር እየተጫነ ሳለ መብራት ቢጠፋ ታብሌቱ ባትሪ አለው፤ የሚጭነው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን የለውም። ሥራው ግማሽ ላይ ይቆረጣል። ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ሳትይዝ አትጀምር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ሁልጊዜ አይለቀምም።

የሳምሰንግ ዕቃ ሌላም ጣጣ አለው። ብዙዎቹን ሶፍትዌር በሚጫንበት በዳውንሎድ ሞድ ስታስነሳቸው ከላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፉ መስመሮች ታያለህ፤ ከእነሱ አንዱ «ዋራንቲ ቮይድ» ይላል፣ ፊት ለፊቱ ዜሮ አለ። ኩባንያው ያልፈረመበትን ሲስተም ስትጭን ዜሮው አንድ ይሆናል። ይህ የሶፍትዌር ምልክት አይደለም፤ ዕቃው ውስጥ ያለ ደቃቅ ፊውዝ ተቃጥሎ ነው። ሲስተሙን ወደ ፋብሪካው ብትመልሰው፣ ሩቱን ብታነሳው፣ ቁጥሩ አይመለስም። የግል ፋይል የሚቆለፍበት የሳምሰንግ ሴኪውር ፎልደር ከዚያ በኋላ አይሠራም፤ ስትሸጠውም የሚያውቅ ገዢ ያን ቁጥር ያያል።

ዕለት ተዕለት የሚሰማህ ግን ሌላ ነው። ብዙ የባንክ አፕሊኬሽኖች ዕቃው የተከፈተ መሆኑን ካወቁ አልከፈትም ይላሉ። ፊልም የሚያሳዩትም እንዲሁ፤ ኔትፍሊክስን የመሰሉት የታብሌቱ የጥበቃ ደረጃ መውረዱን ሲያዩ ምስሉን ከኤችዲ በታች ያወርዱታል። ከፋቾች መደበቂያ ያበጃሉ፣ ጉግል መደበቂያውን የሚያይበት መንገድ ያበጃል፣ እነሱ ሌላ ያበጃሉ። ትላንት ማታ የሠራልህ የባንክ አፕሊኬሽን ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ገንዘብ ልትልክ ስትል እምቢ ይልሃል። ይህን ድብብቆሽ የሚወድ ሰው አለ፤ ደመወዙን የሚጠብቅ ሰው ግን አይወደውም።

ስለ ደኅንነትም ልንገርህ። በ2009 በአውስትራሊያ አንድ የ21 ዓመት ወጣት ጄልብሬክ በተደረጉ አይፎኖች ላይ በራሱ የሚዛመት ፕሮግራም ለቀቀ። የገባበት ቀዳዳ ቀላል ነበር፤ ሰዎቹ ስልካቸውን ከፍተው ከሩቅ መግቢያ ሲጭኑ፣ አፕል ለሁሉም ዕቃ አንድ አድርጎ ያስቀመጠውን የይለፍ ቃል ሳይቀይሩ ትተውታል። ያ ፕሮግራም የፊት ገጹን ፎቶ ወደ ዘፋኙ ሪክ አስትሊ ከመቀየር በቀር ብዙም አልጎዳም። በዚያው ወር በዚያው ቀዳዳ የገባ ሌላ ግን የኔዘርላንድ የባንክ ደንበኞችን ለመዝረፍ የተሠራ ነበር። በ2015 ደግሞ ኪሬይደር የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ጄልብሬክ ከተደረጉ ዕቃዎች ከ225,000 በላይ የአፕል አካውንቶችን ሰርቋል፤ የተዛመተው ሰዎች ነፃ ነው ብለው ካወረዷቸው ማሻሻያዎች ጋር ነው። አጥሩን ያፈረሰ ሰው ሌሊቱን ዘብ መቆም አለበት። የተጎዱት ሰዎች ከፍተው ተኙ።

በአይፓድ በኩል አንድ ነገር በተለይ እወቅ። በ2019 ይፋ የሆነው ቼክሜት የተባለው ቀዳዳ ከኤ5 እስከ ኤ11 ባሉት የአፕል ቺፖች ላይ ይሠራል፤ ከአይፓድ 2 እስከ ሰባተኛው ትውልድ አይፓድ ማለት ነው። ከፋብሪካ ቺፑ ላይ የታተመ ስለሆነ በማሻሻያ አይደፈንም። በእሱ የተከፈተ ዕቃ ግን ባጠፋኸው ቁጥር ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተህ እንደገና ካልከፈትከው ወደነበረበት ይመለሳል። «አዲሱን አይፓድ በአንድ ሊንክ እከፍትልሃለሁ» የሚልህ ሰው ካለ የሚፈልገው ያንተን አካውንት ነው።

ሕጉም ራሱ ሲያመነታ ኖሯል። ታብሌትህ በመጣበት በአሜሪካ ባለሥልጣናቱ በ2010 ስማርትፎን ጄልብሬክ ማድረግን ከቅጂ መብት ሕጉ ክልከላ ነፃ አወጡ። በ2012 ግን ለታብሌት ይኸው ይፈቀድ ሲባል የታብሌት ወሰኑ አልተለየም ብለው ከለከሉ። የፈቀዱት በ2015 ነው። ልብ በል፤ የተፈቀደው የራስህን ዕቃ መክፈት ነው። የሰው ድካም የሆነን አፕሊኬሽን ሳይከፍሉ መጫን በየትኛውም ዓመት አልተፈቀደም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የአማርኛ መዝገበ ቃላት የሚሠራ ወጣት ሊኖር ይችላል፤ ተሰብሮ የምታወርደው የእሱ የወር ኪራይ ነው።

ከመክፈትህ በፊት ሳይከፈት የሚገኘውን አሟጥጥ። አንድሮይድ ላይ የማትፈልገውን አፕሊኬሽን «ዲሴብል» ብለህ ታስተኛዋለህ። ዳታ የሚበላውን የሚዘጋ፣ ሩት የማይጠይቅ ኔትጋርድ የተባለ ነፃ አፕሊኬሽን አለ። ፕሮግራሚንግ ለመማር ከፈለግህ ተርመክስን ጭነህ ያልተከፈተ ታብሌት ላይ የሊኑክስ ትእዛዞችን መለማመድ ትችላለህ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ከ2024 ወዲህ በአዲሱ የኅብረቱ ሕግ ምክንያት ከአፕል ውጭ ያለ መደብር በአይፎንም በአይፓድም ላይ በሕጋዊ መንገድ መጫን ይችላሉ። ይህ ሁሉ እያለ ሩት ማድረግ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አይ፣ ምክንያት አለኝ ካልክ ሥርዓቱን ጠብቅ። ቅጂህን ሌላ ዕቃ ላይ አስቀምጥ፤ አስቀምጠህም ከፍተህ አረጋግጥ። ወደ ፋብሪካው የሚመልስህን ትክክለኛ ፋይል ከመጀመርህ በፊት አውርደህ ያዝ። ከከፈትክ በኋላ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ቀይር፤ ሥልጣን የሚጠይቅህን አፕሊኬሽን ሁሉ «እሺ» አትበል። ለባለሙያ የምትሰጥ ከሆነ አካውንትህን አውጣ፣ ሲምህንና ሚሞሪ ካርድህን ንቀል፣ የሚጭነውን ፋይል ከየት እንዳመጣው ጠይቅ፣ ቢቻል አጠገቡ ተቀመጥ። ሐቀኛ ባለሙያ ይህን ብትጠይቀው አይቆጣም። ታናናሽ ወንድሞችህ የሚይዙትን ታብሌት ግን በምንም ምክንያት አትክፈት፤ ለእነሱ የተደረገው ጥበቃ አብሮ ይፈርሳል።

አክስትህ የላከችውን እንዳለ ተጠቀምበት። ከመሳቢያ የተጣለ አሮጌ ታብሌት ካለ ግን የሞዴል ቁጥሩን ጻፍና ሊንኤጅ ኦኤስ ይደግፈው እንደሆነ ፈልግ። ከደገፈው የምትለማመድበትን ዕቃ አግኝተሃል። ሠርተኸው ከተነሳ ደግሞ ታብሌት ለሌለው የሰፈር ተማሪ ስጠው።